የእሁድ ዱካችንን የምናይበት ድረ ገጽ፦ ስለ ጂፒኤክስ ስቱዲዮ

አባዬ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እሁድ ጠዋት ቤት አይገኝም። ሳይነጋ ከዘራውን ይዞ ይወጣል። እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግሩ ሄዶ፣ ተሳልሞ፣ ለቁርስ ይመለሳል። ከአንድ ዓመት ወዲህ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሆኖ በየሰከንዱ የት እንዳለን ይመዘግባል። ስንመለስ ላፕቶፔን እከፍትና የሄድንበትን መስመር ካርታ ላይ እናያለን። ዛሬ የምጽፈው ያን መስመር ስለምናይበት ድረ ገጽ ነው። ጂፒኤክስ ስቱዲዮ ይባላል። ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፣ ነፃ ነው፣ መመዝገብ አይጠይቅም።

እኔ የምተዳደረው ድረ ገጽ በመሥራት ነው። ጂፒኤክስ ስቱዲዮን ከማወቄ በፊት ተመሳሳይ ነገር ለራሴ ልሠራ ሁለት ወር ያህል ማታ ማታ ቁጭ ብያለሁ። ሠርቼዋለሁም። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው ከጀርባው ምን ያህል ሥራ እንዳለ በእጄ ካየሁት ተነስቼ ነው።

አባዬ ደግሞ ቀያሽ ነበር። ወጣትነቱን ያሳለፈው ቴዎዶላይት የሚባለውን የቅየሳ መሣሪያ በበቅሎ አስጭኖ ከተራራ ተራራ ሲዞር ነው። ቁጥር ዝም ብሎ አይቀበልም። «ስንት ሜትር ወጣን?» ይለኛል። ስነግረው «በምን ለካው?» ይላል። ሁሉንም ያመጣው ይሄ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ የተጠቀምነው አንድ የስልክ መተግበሪያ ነበር። ስሙን አልጠራም። መስመሩን በደንብ ይመዘግባል። መልኩም ያምራል። ግን «640 ሜትር ወጥታችኋል» ካለ አለቀ። ከየት እንዳመጣው አያሳይም። ዝርዝሩን ለማየት በየወሩ በዶላር መክፈል ያስፈልጋል። በዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ የለኝም። ደግነቱ አንድ በር ክፍት ትቷል። ምዝገባውን በጂፒኤክስ ፋይል ማውጣት ይፈቅዳል።

ጂፒኤክስ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። በኖትፓድ ከፍታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ። እያንዳንዱ ነጥብ ኬክሮስ፣ ኬንትሮስ፣ ከፍታና ሰዓት ይዞ በተራ ተሰልፏል። አሁን የምንጠቀምበት እትም 1.1 ይባላል። የወጣው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ አልተቀየረም። በዚህ ምክንያት የሩጫ ሰዓትም፣ ስልክም፣ የብስክሌት መሣሪያም ይግባቡበታል። ፋይሉን ከፍቼ ለአባዬ ሳሳየው መነጽሩን አደረገና ብዙ ቆየ። «ይሄማ የመስክ ደብተር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። እሱና ጓደኞቹ በእርሳስ ይሞሉት የነበረው ሠንጠረዥ በኮድ ተጽፎ ነው የመጣው።

ታዲያ የመስክ ደብተሩ ካለ ስሌቱን እኛው እንሥራው አልኩ።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ብራውዘሩ ራሱ ፋይል ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ሰርቨር፣ ማለትም ሌላ ቦታ ያለ ኮምፒውተር፣ አያስፈልግም። ጃቫስክሪፕት የሚባለው የብራውዘር ኮድ ፋይሉን ይበታትነዋል፣ ነጥቦቹን ይሰበስባል። ካርታውን በሌፍሌት አደረግኩት። ሌፍሌት ቭላዲሚር አጋፎንኪን የሚባል የዩክሬን ሰው የጀመረው ትንሽ የካርታ ላይብረሪ ነው። ከሥሩ የሚነጠፈው ካርታ ማንም ሰው ሊጨምርበት ከሚችለው ነፃ ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ ይመጣል። አዲስ አበባ አካባቢ ብዙው ስም በአማርኛ ፊደል ተጽፎ ስታዩት ደስ ይላል።

የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት እንጦጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ነበር። ከጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ። ምክንያቱን ለማግኘት አንድ ማታ ፈጀብኝ። ሌፍሌት ኬክሮስን ያስቀድማል። ጂኦጄሰን የሚባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ኬንትሮስን ያስቀድማል። እኔ ነጥቦቹን በመሀል ጂኦጄሰን አድርጌያቸው ስለነበር ተቀያየሩ። እንጦጦ ወደ 9 ዲግሪ ሰሜንና 38.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ሁለቱን ብታለዋውጧቸው ቦታው ባሕር ነው።

ሁለተኛው ስህተት የሰዓት ነበር። ጂፒኤክስ ሰዓትን የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረው ማለት ነው። የእኔ ገጽ ደግሞ እንዳለ ያሳየው ነበር። «መነሻ 3፡10» ይላል። አባዬ አየና «በ3 ሰዓትማ ቁርስ ላይ ነበርን» አለ። እሱ ያነበበው በእኛ አቆጣጠር ነዋ። በፈረንጅ ሰዓት 6፡10 ብዬ ባስተካክለውም ለእሱ 6 ሰዓት ቀትር ነው። የተነሳነው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ10 ላይ ነው። ስለዚህ ገጹ በኢትዮጵያ ሰዓት እንዲያሳይ አደረግኩት። ሦስት መስመር ኮድ ነው። አባዬ ግን ከዚያ በኋላ ነው ገጹን ማመን የጀመረው።

ሦስተኛው የርቀት ነበር። በሁለት ነጥቦች መሀል ያለውን ርቀት ማስላት ከባድ አይደለም። ምድርን 6,371 ኪሎ ሜትር ሬዲየስ ያላት ኳስ አድርጎ የሚያሰላ የታወቀ ቀመር አለ። በየነጥቡ እየደመሩ መሄድ ነው። ችግሩ ቆመን ስንውል ነው። አባዬ ማርያም ደጃፍ ሲደርስ ጸሎት ያደርሳል። 20 ደቂቃ ገደማ ይቆማል። ስልኩ ግን ያለንበትን ሲገምት በየሰከንዱ ትንሽ ትንሽ ይወዛወዛል። ካርታው ላይ ሲታይ የተወሳሰበ የክር ልቃቂት ይመስላል። ሁሉም ሲደመር 400 ሜትር ገደማ ይሆናል። አባዬ ቆሞ እየጸለየ 400 ሜትር ሄደ ማለት ነው። ባሕር ዛፉ ውስጥ ስንገባም እንዲሁ ነው። ቅርንጫፉ የሳተላይቱን ምልክት ስለሚያውክ መስመሩ ግራ ቀኝ ይላል።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን አቀበቱ ነው። የጂፒኤስ ከፍታ ከጎን ለጎኑ ቦታ ይልቅ ስህተት ይበዛበታል። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላያችን ናቸው፤ ከሥራችን አንድም የለም። ስለዚህ ጎን ለጎን በደንብ ይለያል፣ ላይና ታች ግን ይከብደዋል። ሜዳ ላይ ስትሄዱ እንኳ አንድ ሜትር ከፍ፣ አንድ ሜትር ዝቅ ይላል። ከፍ ያለውን ሁሉ ከደመራችሁ ያልወጣችሁትን ተራራ ወጥታችኋል። የእኔ የመጀመሪያ ኮድ 812 ሜትር አለ።

አባዬ 812 ሲሰማ ምንም አላለም። ተነስቶ ከመኝታ ቤት የቆየ የወረቀት ካርታ ይዞ መጣ። ባለ 1፡50,000 ነው። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች በየ20 ሜትሩ ከፍታ የተሰመሩ ናቸው። ከቤታችን እስከ ማርያም ያለውን መንገድ በእርሳስ ጫፍ እየተከተለ መስመሮቹን ቆጠረ። 24 መስመር። «480 ሜትር። መሀል ላይ ትንሽ ወርደን እንወጣለን፣ 500 በለው» አለኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውም መሣሪያ መለኪያዬ የአባዬ 24 መስመር ሆነ። ኮዴን ቀየርኩት። አምስት ሜትር ያልሞላ ከፍ ዝቅታ እንዳይቆጠር አደረግኩ። 508 መጣ። አባዬ «እሺ» አለ። ከእሱ አፍ «እሺ» ትልቅ ነገር ነው።

ጂፒኤክስ ስቱዲዮን ያገኘሁት እዚህ ስደርስ ነው። ብስክሌት የሚነዳ ጓደኛዬ ሊንኩን በቴሌግራም ላከልኝ። ፋይሉን ጎትቼ ካርታው ላይ ጣልኩት። መስመሩ ወዲያው ወጣ። ከሥሩ የከፍታ ሥዕል አለ። ከጎኑ ርቀት፣ አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ፍጥነትና ጊዜ ተጽፏል። አቀበቱ 521 ይላል። መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አባዬን ጠርቼ አሳየሁት። 21 ሜትር ልዩነት በሁለት ኮንቱር መስመሮች መሀል ያለውን ከፍታ ያህል ነው። «ይሄን የሠራው ሰው ዳገት ያውቃል» አለ።

ከሁሉም የወደድኩት የከፍታውን ሥዕል ነው። አይጡን (ማውሱን) ሥዕሉ ላይ ስታንቀሳቅሱ ካርታው ላይ ያላችሁበት ቦታ አብሮ ይሄዳል። ይሄን እኔም ሠርቼዋለሁ። ያልሠራሁት ግን ቀጣዩን ነው። ከሥዕሉ ላይ አንድ ቁራጭ በአይጥ ጎትታችሁ ስትመርጡ ቁጥሮቹ ሁሉ የዚያ ቁራጭ ብቻ ይሆናሉ። ሽሮ ሜዳን ካለፍን በኋላ ያለው ዳገት አባዬን ሁልጊዜ ያደክመዋል። እዚያች ላይ ብቻ ርቀቱ ስንት ነው? ስንት ሜትር ወጣን? ባለፈው ወር ስንት ደቂቃ ፈጀብን፣ በዚህ ወርስ? ዶክተሩ «አካሄድህን አትቸኩል» ስላለው ይሄ ለእኛ ጨዋታ አይደለም። በየሳምንቱ ያቺን ቁራጭ መርጬ ፍጥነቱን አያለሁ። አባዬ ሲቸኩል ይታወቃል። እሁድ ላይ እነግረዋለሁ፣ ቀስ ይላል።

የከፍታውን ሥዕል በዳገቱ መጠን ቀለም እንዲቀባም ማድረግ ይቻላል። በካርታው ዓይነትም ምርጫ አለው። ተራው የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ አለ፣ የሳተላይት ፎቶ አለ። አባዬ ግን አንዴ ኦፕንቶፖማፕ የሚባለውን ካየ በኋላ ሌላውን እንቢ አለ። ኮንቱር አለዋ! የጫካው አረንጓዴ፣ የመስመሩ ቡኒ፣ የተራራው ጥላ፣ ሁሉም የወረቀት ካርታ ወግ አለው። ከፍታው የተወሰደው በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር በራዳር ከለካችው እንደሆነ ነገርኩት። በ11 ቀን ውስጥ የምድርን የብስ 80 በመቶ ያህል ለክታለች። አባዬ ዝም አለ። ቆይቶ «እኛ አንድ ተራራ ላይ ደመና እስኪገለጥ ሳምንት እንቆይ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ ካርታው ተመልሶ መስመሮቹን መቁጠር ጀመረ።

ስለ ማስተካከያ መሣሪያዎቹ ልናገር። እኔን እዚህ ያስቀሩኝ እነሱ ናቸው።

የክር ልቃቂቱን አስታውሱ። ጂፒኤክስ ስቱዲዮ ላይ ካርታው ላይ አራት ማዕዘን ትሠራላችሁ። ውስጡ ያሉትን ነጥቦች ያጠፋል። ልቃቂቱ ጠፋ፣ 400ው ሜትርም አብሮት ሄደ። የምትሳሳቱ ከሆነ ወደኋላ መመለስ አለ። ብዙ እርምጃ ብትሄዱም ትመለሳላችሁ። የእኔ ገጽ ላይ ይሄን ለመሥራት ሞክሬ ትቼዋለሁ። ከባድ ነው።

ነጥብ መቀነሻም አለው። የሦስት ሰዓት መንገድ በየሰከንዱ ሲመዘገብ 10,800 ነጥብ ይሆናል። ፋይሉ ከአንድ ሜጋባይት ያልፋል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ግን 50 ነጥብ ምን ያደርጋል? ሁለቱ ጫፍ ይበቃሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ዳግላስና ፖይከር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ያሳተሙት ስልት አለ። የመስመሩን ቅርጽ የማይቀይሩትን ነጥቦች እየለየ ይጥላል። እዚህ ላይ መቆጣጠሪያዋን እየጎተታችሁ ስንት ነጥብ እንደሚቀር ወዲያው ታያላችሁ። እኔ 600 ገደማ ላይ አቆማለሁ። መስመሩ ያው ነው። ፋይሉ ግን በጣም ያንሳል። ደካማ ኔትወርክ ላይ በቴሌግራም ለመላክ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ፍጥነት ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ዋናውን ፋይል አታጥፉት። የተጣሉት ነጥቦች ሰዓታቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት።

ስልካችሁ ከፍታ በደንብ የማይመዘግብ ከሆነም መላ አለ። የፋይሉን ከፍታ ትቶ ከምድር ከፍታ ሞዴል አዲስ ያመጣላችኋል። እንጦጦ ላይ ጥሩ ይሠራል። ገደልና ጠባብ ሸለቆ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሞዴሉ ምድርን በካሬ በካሬ ከፋፍሎ ስለሚያይ ስለታሙን ነገር ያለሰልሰዋል።

መቁረጫው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ረዘም አድርጌ ልናገረው።

የእኛ ዱካ የሚጀምረው ከቤታችን በር ነው። የሚያልቀውም እዚያው። ፋይሉን ለአንድ ሰው ብልክ ቤቴ የት እንደሆነ፣ እሁድ ጠዋት በስንት ሰዓት ባዶ እንደሚሆን፣ በስንት ሰዓት እንደምንመለስ ነገርኩት ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያስብም። በኅዳር 2017 እ.ኤ.አ. ስትራቫ የሚባለው የሯጮችና የብስክሌተኞች መተግበሪያ የተጠቃሚዎቹን መስመር በአንድ ካርታ ላይ አድርጎ አወጣ። በጥር 2018 ሰዎች ሲመለከቱት በረሃ መሀል ያሉ የጦር ሰፈሮች በሯጮች ዱካ ተስለው ተገኙ። ወታደር ያላሰበውን እኛም ላናስብ እንችላለን። ስለዚህ ፋይል ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ ሁለቱን ጫፍ እቆርጣለሁ። አንድ ተንሸራታች አለ፣ ከግራና ከቀኝ ትገፉታላችሁ፣ የተቆረጠው ካርታው ላይ ይታያል። ስታወርዱም ሰዓቱን ወይም የልብ ምቱን አውጥታችሁ መስመሩን ብቻ ማስቀረት ትችላላችሁ።

ከዚህም በላይ ፋይሉ ራሱ ከላፕቶፔ አይወጣም። የሚነበበው ብራውዘሬ ውስጥ ነው። ይሄን በወሬ አላመንኩም። የብራውዘሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍቼ ፋይል ስከፍት ምን እንደሚላክ ተመለከትኩ። የካርታ ቁርጥራጭ ይመጣል እንጂ ፋይሉ አይሄድም። ኮዱም ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ማንበብ ይችላል፤ እኔ የከፍታ ስሌቱን ሄጄ አንብቤያለሁ። እርግጥ ነው አዲስ መንገድ ስታስወጡት ነጥቦቹ ለስሌት ወደ ሰርቨር ይሄዳሉ። ይሄ የማይቀር ነው። ዝም ብሎ ማየትና ማስተካከል ግን እናንተው ጋር ያልቃል።

የከፈታችኋቸው ፋይሎች ብራውዘሩ ውስጥ ይቀመጣሉ። ገጹን ዘግታችሁ በሁለተኛው ቀን ብትመለሱ አሉ። መብራት ድንገት በሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ እፎይታ ነው። ግን የብራውዘራችሁን ዳታ ካጸዳችሁ አብረው ይጠፋሉ። የሠራችሁትን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

መንገድ ማቀድ ላይ ስንመጣ ነገሩ እንደ ቦታው ነው። ከተማ ውስጥ ሁለት ቦታ ጠቅ ስታደርጉ በመሀሉ ያለውን መንገድ ራሱ ፈልጎ ያሰምራል። በእግር ነው በብስክሌት ብላችሁ ትመርጣላችሁ። መንገዱን የሚያውቀው ግን ከኦፕንስትሪትማፕ ነው። እዚያ ያልተሰመረ የእግር መንገድ ለእሱ የለም። እንጨት ተሸካሚ እናቶች በየቀኑ የሚወርዱበትን አቋራጭ አያውቀውም ነበር። አስፋልቱን አዙሮ ይወስደኛል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ መንገድ ፈላጊውን አጥፍቶ በእጅ ማሰመር። ሌላው አቋራጩን ኦፕንስትሪትማፕ ላይ ራስ መጨመር። እኔ ጨመርኩት። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ «ጅረቷ ላይ ድልድይ የለም፣ በድንጋይ ነው የሚሻገሩት ብለሽ ጻፊ» እያለ አብረን ሠራነው። ቆየት ብዬ ስሞክረው ጂፒኤክስ ስቱዲዮ በዚያው አቋራጭ አሰመረልኝ። አባዬ ከጡረታ በኋላ ካርታ ላይ የጨመረው የመጀመሪያ መንገድ ነው።

የጎደለውን ልናገር። ገጹ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። ከዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አላየሁም። አባዬ ቁልፎቹን እኔ ካልነገርኩት አያገኛቸውም። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር አይደለም። ካርታው በየጊዜው ከኢንተርኔት ስለሚመጣ ፓኬጅ ይበላል። በተለይ የሳተላይቱን ፎቶ ካበራችሁ ተጠንቀቁ። ስልክ ላይም ይከፈታል፣ ግን መሣሪያዎቹ ብዙ ስለሆኑ በጣት ነጥብ እየነኩ ማስተካከል ያደክማል። ለማየት ስልክ ይበቃል። ለመሥራት ላፕቶፕ ይሻላል።

ሌላም አማራጭ አለ። ጂፒኤስ ቪዥዋላይዘር የሚባለው ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። መልኩ ያረጀ ነው፣ ግን የሚቀበለው የፋይል ዓይነት ብዙ ነው። የማይታወቅ ዓይነት ፋይል ሲገጥመኝ እዚያ ወስጄ ወደ ጂፒኤክስ እቀይረዋለሁ። ፋይሉ ወደ ሰርቨራቸው ስለሚላክ የቤቴን ጫፍ ሳልቆርጥ አልሰጥም።

ይሄ ሁሉ እያለ ታዲያ የራሴን ገጽ ለምን አልጣልኩትም? በአንድ ምክንያት። በአዲንዳን።

አንድ ቀን አባዬ የእኛን ዱካ በወረቀት ካርታው ላይ በእርሳስ ላሰምር አለ። የነጥቦቹን ቁጥር ዩቲኤም በሚባለው፣ ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ፍርግርግ አውጥቼ ሰጠሁት፣ ዞን 37። ካርታው ላይ ባለው ፍርግርግ እየለካ በማስመሪያ አስቀመጣቸው። ሲጨርስ መስመሩ ከመንገዱ ወጣ። ወደ ሰሜን 4 ሚሊሜትር፣ ወደ ምሥራቅ 2 ሚሊሜትር ገደማ። በዚያ ካርታ 1 ሚሊሜትር 50 ሜትር ነው። ከ200 ሜትር በላይ ስተናል። እኔ ኮዴ ውስጥ ስህተት ፍለጋ ልገባ ስል አባዬ ሳቀ። «አዲንዳን ነዋ!» አለ።

የድሮዎቹ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ነው። ስሙ ኖቢያ ውስጥ፣ አባይ ዳር ካለ ቦታ የመጣ ነው። የምድርን ቅርጽ የሚወስደውም ክላርክ 1880 ከሚባለው ልኬት ነው። ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው ይለካል። የጂፒኤክስ ፋይልም ሌላ አይቀበልም። ሁለቱ አንድን ድንጋይ በሁለት ቁጥር ይጠሩታል። አባዬ ይሄን የተማረው እኔ ሳልወለድ ነው። እኔ ደግሞ ካርታ ያለበት ድረ ገጽ ስንቴ ሠርቼ ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

ያን ማታ ሁለታችን ቁጭ ብለን ማስተካከያውን ጻፍነው። እሱ ቀመሩን ከድሮ ደብተሩ አነበበልኝ፣ እኔ ወደ ኮድ ቀየርኩት። በማግስቱ ነጥቦቹን እንደገና አስቀመጠ። መስመሩ መንገዱ ላይ አረፈ። እንደዚህ ያለውን ነገር ከጂፒኤክስ ስቱዲዮ አልጠብቅም። እሱ ለዓለም ሁሉ የተሠራ ነው። የእኔ ገጽ ሁለት ተጠቃሚ አለው፣ የወረቀት ካርታ ይዘው የሚቀመጡ።

አሁን አሠራራችን እንዲህ ነው። ማጽዳት፣ መቁረጥ፣ ማቀድ፣ ዳገቷን መርጦ ማየት በጂፒኤክስ ስቱዲዮ። የኢትዮጵያ ሰዓትና አዲንዳን በእኔ። ጂፒኤክስ ስቱዲዮ የሚኖረው በሰዎች መዋጮ ነው። እኔ ከዚህ መክፈል ስላልቻልኩ ውጭ አገር ያለች እህቴ በስሜ ትንሽ ላከችላቸው። ዱካ ለሚመዘግብ ማንኛውም ሰው፣ ሯጭም ይሁን ተራራ ወጪ፣ መጀመሪያ የምሰጠው ሊንክ የእሱን ነው። ማስታወቂያ አያሳያችሁም፣ ስማችሁን አይጠይቅም። ቁጥር ሲሰጣችሁ ደግሞ ቁጥሩ የመጣበትን ነጥብ አብሮ ያሳያችኋል።

በሚቀጥለው እሁድ ወጨጫን ልንወጣ ነው። 3,385 ሜትር ነው፣ በመናገሻ ሱባ ጫካ በኩል። መስመሩን ትናንት ማታ ጂፒኤክስ ስቱዲዮ ላይ አሰመርኩ። አባዬ መጥቶ አየና «ምንጩ ጋ ስትደርሺ በግራ ነው እንጂ በቀኝ አይኬድም» አለኝ። ነጥቧን ይዤ ወደ ግራ ጎተትኳት። ኮንቱሮቹን ከታች እስከ ላይ ቆጠረ። ራሱን ነቀነቀ። ፋይሉ ስልኬ ላይ ገብቷል፣ ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን።